ጋሽ አስማረና የዳማ ራዲያተር

ጋሽ አስማረ ማረፋቸውን የሰማሁት ብየዳ ላይ ሆኜ ነው። ጎረቤታቸው መጥቶ በሩ ላይ ቆመና «ሞላ፣ ዶክተር እኮ አረፉ» አለኝ። የብየዳ መነጽሬን አወለቅሁ። እንባ የቀደመኝ እንዳይመስላችሁ፤ የቀደመኝ ንዴት ነው። «ገበዝ ማርያም ሳይደርሱ?» አልኩት። ሰውየው ግራ ገብቶት አየኝ። ለእሱ ጋሽ አስማረ ከብት ሲያክሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ጨዋ ሰው ናቸው። ለእኔ ግን አንዲት አሮጌ መኪና አንድ ዳገት እንድትወጣ ስንት ዘመን አብሬያቸው የተንጨረጨርኩ፣ መድኃኒቱ ከብየዳ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እያለ «ትንሽ ይቆይ» እያሉ አንጀቴን ያሳረሩኝ ሰው ናቸው።

ዶክተርነቱን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ዶክተር አልነበሩም። የወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበሩ። ገበሬው ግን መርፌ የያዘውን ሁሉ ዶክተር ነው የሚል። «ኧረ እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ አስማረ በሉኝ» ይሉታል። «እሺ ዶክተር» ይላቸዋል። እንዲህ ሲባባሉ ጡረታ ወጡ።

እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ብየዳ ቤት አለኝ። በርና መስኮት እሠራለሁ፣ የተሰበረ ባጃጅ እጠግናለሁ፤ የምበላው ከዚያ ነው። ልቤ ያለው ግን አሮጌ የጃፓን መኪና ላይ ነው፤ በተለይ እነዚያ ሁለት በር ብቻ ያላቸው፣ አፍንጫቸው ረዘም ያለ፣ ለመሮጥ የተሠሩት። በስልክ የምንገናኝ፣ ይኸው ነገር የለከፈን ሰዎች ቡድን አለን፤ ኔትወርክ ሲኖር ፎቶ እንላላካለን፣ ስለ ካርብሬተር እንጨቃጨቃለን። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ልክፍት ያለብኝ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ስኖር፣ አንድ ቀን ጋሽ አስማረ ዳማን ከባሕር ዳር በጭነት መኪና አስጭነው መጡ።

ዳማ የድሮ ሴሊካ ናት። የሆነ ሰው ግቢ ውስጥ ቆማ ቆማ፣ ዶሮ የኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል ጥላ ጫጩት ያሳደገችባት። ቀለሟ ከቀይም ከቡናማም ነው፤ ጋሼ ገና ሲያይዋት ዳማ አሏት፣ የፈረስ ስም። ቡሬ ተማሪ ሳሉ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ እንዲህ ያለች መኪና ሲነዳ አይተው፣ አቧራዋ እስኪጠፋ ቆመው እንደቀሩ ነግረውኛል። እስከ ጡረታቸው ድረስ አልረሷትም ማለት ነው። ከጭነት መኪናው ላይ ስናወርዳት ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። አንዱ ዞር ዞር ብሎ አያትና «ስንት ኩንታል ትጭናለች?» አለ።

«ሁለት ሰው» አሉ ጋሼ። «እኔንና ይታይሽን።»

እትዬ ይታይሽ ባለቤታቸው ናቸው። ሁለቱም የቋሪት ሰዎች ናቸው፣ የገበዝ ማርያም ልጆች። ሲጋቡ ጋሼ ሥራ ያገኙት እዚህ ታች ስለነበር ሙሽራዋን ይዘው የወረዱት በእግር ነው፤ ዝናብ መቷቸው፣ እትዬ ጫማቸው ተበጥሶባቸው። ጋሼ ይኸን ነገር እንደ ዕዳ ይዘውታል። «ከዚያ ዳገት በእግሯ አወረድኳት፤ በራሴ መኪና፣ ከጎኔ ተቀምጣ፣ የትም ሳንቆም አወጣታለሁ» ይሉኝ ነበር። በሚኒባስ ስንቴ ሄደዋል። «ያ አይቆጠርም» ይላሉ፤ «በሚኒባስ እሷ ፊት እኔ ኋላ፣ መሃላችን የሰው ዶሮ።» ዳማን የገዟት ለዚች አንዲት መንገድ ነው። ሌላ ምንም አልፈለጉባትም።

እቤታቸው ስትገቡ ጸጥታው ያስደነግጣል። ልጅ አንዲት ነበረቻቸው፤ በሕፃንነቷ ሞታባቸዋለች፤ በዚያ ቤት ስሟ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። ጋሼ ሰላምታ ከሰጡ በኋላ ዝም ነው። መኪናዋ ያለችበት የቆርቆሮ መጠለያ ሲገቡ ግን አፋቸው ይፈታል።

አሠራራቸው የከብት ሐኪም አሠራር ነው። መጀመሪያ እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። «ጋሼ፣ እኮ ግራሶ ልንነካ ነው» እላቸዋለሁ። አይሰሙኝም። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው ምንም ሳይነኩ ይቆማሉ። ጆሮ ላይ የሚሰካውን የከብት ማዳመጫቸውን አውጥተው ሞተሩ ላይ ያኖሩታል። ከዚያ መጠየቅ ይጀምራሉ። «መቼ ጀመራት? ከመብላቷ በፊት ነው ከበላች ወዲያ?» መብላት የሚሉት ቤንዚን ነው። «ጤነኛ ከነበረችበት ቀን ወዲህ ምን ተለወጠ?»

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለኝ ሰው አይደለሁም። ሲበላሽ እፈታለሁ። ጋሼ ግን አንድ ነገር ቀይረው፣ ሞክረው፣ አይተው፣ ሌላውን እስኪነኩ ሳምንት ይሄዳል። «ሁለት መርፌ ባንድ ቀን ከወጋሃት የትኛው እንዳዳናት በምን ታውቃለህ?» ይሉኛል። ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸው ነው የሚያናድደኝ።

አንድ ቀን ከቡሬ ስንመለስ ዳማ መንገድ ላይ ቀጥ አለች። በቆሎ የጫኑ መኪናዎች ከኋላችን ተሰለፉ፣ ጥሩምባው ጆሮ ያደነቁራል። ገፍተን ከመንገድ አወጣናት። ካርብሬተሩ ነው ብዬ ካቻቢቴ አንስቼ ተነሳሁ። ጋሼ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ከኪሳቸው ቆሎ አወጡ።

«ከመጥፋቷ በፊት ምን ሰማህ?» አሉኝ።

«ምንም! ጠፋች በቃ።»

«ጤነኛ ከነበረችበት ቀን ወዲህ ምን ተለወጠ?»

«ምንም አልተለወጠም ጋሼ!»

«ሞላ፣ ከብት አይዋሽም። የሚዋሽ ባለቤቱ ነው» አሉና ቆሏቸውን ቆረጠሙ። ሰዉ ሁሉ ይኸን ይዋሻል ይሉ ነበር፤ በሬውን የበሰበሰ ገለባ ያበላው ገበሬ «ምንም አልበላም» ይላል። ትንሽ ቆይተን ብናስነሳት ተነሳች፤ ትንሽ ሄደች፣ ደግማ ጠፋች። ያኔ ጋሼ ወርደው የቤንዚን ታንከሩን ክዳን ከፈቱት። ፍስስ ብሎ አየር ሳበ። ለካ በዚያው ሳምንት ጎሚስታው የክዳኑ ጎማ አርጅቷል ብሎ ከከላማዳሪ ቆርጦ አዲስ አድርጎበት፣ ክዳኑ የሚተነፍስባትን ቀዳዳ ደፍኗታል። እዚያው ቆሜ ያሠራሁት እኔው ነኝ። ጋሼ ምንም አላሉኝም። ከላማዳሪውን በምስማር በስተው መለሱት፣ ቆሎ ዘገኑልኝና ሄድን። አንድ ቢሳደቡ ይቀለኝ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው እንግዲህ ራዲያተሩ ላይ ሲደርስ ምን እንደነካው ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ዳማ ሜዳ ላይ የምትፈለገውን ያህል ትሮጣለች። ወደ ገበዝ ማርያም የሚወጣው ዳገት ላይ ግን ትሞቃለች። መጀመሪያ የሞከሩት ጊዜ መንገዱ ሰላም ነው የተባለ ሰሞን ነበር። እትዬ ይታይሽ ነጭ ለብሰው ከጎናቸው ተቀመጡ፣ ሰፈሩ ሸኛቸው፣ እኔ ቤቴ የተመረቀ ያህል ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ከሰዓት ስልክ ተደወለልኝ። «ሞላ፣ ሞቀችብን። ብትመጣ» አሉ። ገመድ ይዤ የሰው መኪና ለምኜ ደረስኩ። ዳገቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ጥምዝ አለ፣ ከመንገዱ ዳር ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያለበት። ዳማ ኮፈኗን ከፍታ እንፋሎት ትተፋለች። እነሱ ሁለቱ ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቆሎ ይበላሉ። እትዬ ይስቃሉ። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ እሳቸው «መጣህ? ቆሎ ያዝ» ይሉኛል። ዞረን ወረድን።

ከዚያ ወዲያ ስንቴ እንደሞከሩ አላስታውስም። ሁሌም እዚያው ድንጋይ ጋ ነው። ውኃው እስኪበርድ ይቀመጣሉ፣ ይመሻል፣ ይመለሳሉ። «እንዴት ሆነ ጋሼ?» እላለሁ። «ድንጋዩ ጋ ሞቀች፤ ተመለስን።» ፊታቸው ላይ አንዳች ቁጭት አይታይም። ቁጭቱን ለእኔ ትተውት እሳቸው በደህና እንቅልፍ የሚተኙ ይመስለኝ ነበር።

እኔና ጋሼ ያላየነው ነገር የለም። ያለፈው መካኒክ ሙቀት መቆጣጠሪያውን አውጥቶ ጥሎት ነበር፤ እዚህ አገር ሁሉም አውጥቶ ነው የሚጥለው፤ አስመጥተን መለስነው። የማራገቢያውን ቀበቶ ቀየርን። የውኃ ፓምፑን ፈታን፤ ደህና ነው። የሞተሩ ራስ ማሸጊያ ተቃጥሎ ይሆን ብለን ክዳኑን ከፍተን አረፋ ጠበቅን፤ አረፋ የለም። በመጨረሻ አንድ ቀን ሞተሩን አሙቀን አጠፋነውና ጋሼ የእጃቸውን ጀርባ ራዲያተሩ ላይ አኖሩ፤ የታመመች ላም አፍንጫ እንደሚዳስሱት ቀስ እያሉ ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። «ና ንካ» አሉኝ። አንዱ ቦታ ያቃጥላል፣ ሌላው ቀዝቃዛ ነው። ውኃው በቀዝቃዛው በኩል አያልፍም ማለት ነው። ክዳኑን ስከፍት አፉ ላይ ነጭ ቅርፊት፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት።

«ውኃው ነው ጋሼ! መጥፎ ውኃ እየጠጣች ነው!»

«የዝናብ ውኃ ነው የማጠጣት፤ በርሜሉን ታውቀዋለህ» አሉኝ። እውነት ነው፤ ከጣሪያው የሚወርድ ንጹሕ የዝናብ ውኃ ያጠራቅሙ ነበር፣ ለእሷ ብለው። ቅርፊቱን በኮምጣጤ አጠብነው። በወሩ ተመልሶ መጣ። ፎቶ አንስቼ ለስልኩ ቡድን ላክሁ። አንድ የአዲስ አበባ ልጅ «ብሮ፣ ምን ትለፋለህ፣ ራዲያተሩን ቀይረው» ብሎ መለሰልኝ። ሁሉም እሱኑ አሉ። እኔም የኮሮላ ዲ ኤክስ ራዲያተር ፈልጌ፣ መያዣውን ቆርጬ በይጄ፣ ለዳማ ልክ አድርጌ ሠራሁት። አዲስ የሆነ ነገር። ይዤላቸው ሄድኩ።

አገላብጠው አዩት። «እጅህ ይባረክ። ቆንጆ ሥራ ነው» አሉኝ። ከዚያ «ትንሽ ይቆይ» አሉ።

ትንሽ ይቆይ! ወስጄ ግድግዳዬ ላይ ሰቀልኩት። በየሳምንቱ «ጋሼ፣ ራዲያተሩ?» እላለሁ። «ትንሽ ይቆይ።» ፋሲካ አለፈ፣ ክረምት አለፈ። ሥራዬን ስሠራ ቀና ባልኩ ቁጥር አየዋለሁ፣ አቧራ ይጠጣል።

ደግሞ ሌላ ጉድ አመጡ። በየወሩ ማርያም በዋለች ማግስት የዳማን ውኃ ያወጣሉ። መሬት ላይ አያፈሱትም። ነጭ ሳፋ ገዝተው መጠለያው ውስጥ አኑረዋል፤ እሱን ከሥሯ አድርገው ጠብ ሳይል ይቀበሉታል፣ በጀሪካን ይሞሉታል፣ አንጠልጥለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። «ወዴት ነው?» ስላቸው «የግቢውን ጽድ ላጠጣ» አሉኝ። የራዲያተር ውኃ፣ ዝገት ያለበት ውኃ፣ ለቤተ ክርስቲያን ጽድ! እኔ ልርዳዎት ስላቸው እጄን ከጀሪካኑ ላይ አነሱት። ይኸን ጊዜ ሰውየው ጃጅተዋል ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት።

አንድ ቀን በቃኝ። መንገዱ ደህና ነው በተባለበት ሰሞን ነበር፤ እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ በየጊዜው አይገኝም። ራዲያተሩን ከግድግዳው አውርጄ ይዤ ሄድኩና እግራቸው ሥር አስቀመጥኩት።

«ጋሼ፣ አንድ ጥዋት ነው የሚፈጀው። ነገ ገበዝ ማርያም ናችሁ። እርስዎ እኮ መኪናዋ እንድትድን አይፈልጉም!» ድምፄ ከልክ በላይ ወጥቶ ነበር፤ እትዬ ከጓዳ ብቅ አሉ።

ጋሼ አልተቆጡም። እጃቸውን በጨርቅ ጠራረጉ፤ አንድ በአንድ ጣታቸውን። «ሞላ፣ በሽታ ሁሉ ተነቅሎ አይጣልም። አብረውት የሚኖሩትም አለ» አሉኝ። ከዚያ ራዲያተሩን ራሳቸው አንስተው ለእኔ አቀበሉኝ፤ እንግዳ እንደሚሸኝ እስከ በር ሸኙኝ።

ተቀይሜ ሰነበትኩ። ብየዳ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ በሩ ላይ ቆመው፣ «አንት ቁጡ፣ ካንዴላዋ ጠቁሯል፤ ሰው ጠፋ ወይ ብላሃለች» ባይሉኝ ኖሮ አልሄድም ነበር። ሄድኩ። ራዲያተሩን ግን ዳግም አላነሳሁባቸውም። ከዚያ ክረምት ገባ፣ መንገዱም ተዘጋ፣ ሳል ያዛቸው፣ ቀላል ነው ሲባል ባንድ ጊዜ ጣላቸው። አለቀ።

የቀበርናቸው እዚያው ገበዝ ማርያም ነው። መንገዱ በዚያው ሰሞን ተከፍቶ ስለነበር በሚኒባስ ነው የወጡት። ያ ድንጋይ ያለበት ጥምዝ ላይ ስንደርስ ሹፌሩ ማርሽ ቀይሮ ሽው ብሎ አለፈው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ከሬሳው ሳጥን ጋር እየተናገርኩ «ይኸው ሳይቆሙ አለፉ ጋሼ፤ ደስ አለዎት?» አልኩ። አጠገቤ ያለው ሰው በኀዘን ነው ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ። በንዴት ነበር።

ከሰልስቱ በኋላ እትዬ ይታይሽ አስጠሩኝ። «ሞላዬ፣ ለአርባው በዳማ ውሰደኝ» አሉኝ። «ቃሉ ነበር።» እሺ አልኩ። በዚያው ቀን ራዲያተሩን ከግድግዳው አውርጄ አቧራውን አራገፍኩ። አሁን ትንሽ ይቆይ የሚል የለም።

መጠለያው ውስጥ ገብቼ ኮፈኑን ከፈትኩ። ከሥሯ ተንጋልዬ የውኃ ማውጫውን ቡሎን መፍታት ስጀምር እትዬ በሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር።

«ኧረ በማርያም! ከመሬት አታፍስሰው» አሉኝ። ፊታቸው ተለውጧል።

«ምነው እትዬ? ውኃ እኮ ነው።»

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ጠበል አለበት» አሉ ቀስ ብለው።

ከመኪናዋ ሥር ተንጋልዬ ቀረሁ።

«መንገዱ ገደል ነው። ጋሽህ ደግሞ መሪ ሲይዝ ጎረምሳ ነው የሚሆነው። ፈራሁ። በየወሩ ማርያም፣ ጠዋት፣ እሱ ቅዳሴ ሳለ፣ ከታች ካለው ጠበል አምጥቼ እጨምርላታለሁ። ለእሱ ብዬ ነው እንጅ ለብረቱ ብዬ ነው?»

ያንን ጠበል አውቀዋለሁ፤ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከድንጋይ ሥር ነው የሚፈልቅ፤ የተቀመጠበት ዕቃ ላይ ነጭ ነገር ይተዋል። እንግዲህ እኔና ሐኪሙ ቀበቶ ነው፣ ፓምፕ ነው እያልን ስንዳክር የኖርነው በዚህ ምክንያት ነው።

«ጋሼ ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«የት ያውቃል? ቢያውቅማ ዝም ይለኝ ነበር? ያንቺ ነገር ለመኪናዋ አይሆንም ይለኝ ነበር እንጅ።»

«ይኸ ሳፋስ? ለምን እዚህ ተቀመጠ?»

«እንጃ። ጋሽህ ነው ያመጣው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም» አሉና ሳፋውን አንስተው አቀበሉኝ።

ሳፋውን ከሥሯ አደረግሁ። ጠበል እግር በሚረግጥበት አይፈስም፤ ይኸን የማያውቅ የለም። በጀሪካን ሞልቼ ራሴ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰድኩት። አባ፣ ደጀ ሰላሙን የሚጠብቁት ቄስ፣ ጀሪካኑን ሲያዩ የት እንደማፈሰው ሳልጠይቃቸው ወደ ጽዱ ጠቆሙኝ።

«አስማረ በየወሩ ያመጣ ነበር» አሉኝ። «ምን ውኃ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ‹አባ፣ ይታይሽ ለእኔ ብላ የምታመጣው ነው። አታምጪ ብላት ፍርሃቷን የት ታደርሰዋለች?› አለኝ።»

ጽዱ ሥር አፈሰስኩት። እያፈሰስኩ ተሳደብኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ። ሰው እንዴት እንዲህ ይሆናል? የሚዋሽ ባለቤቱ ነው እያሉ ሲያላግጡብኝ ትልቁ ውሸታም እሳቸው። ጠበሉን ማስቆም አልፈለጉም፤ ይሁን፣ ይገባኛል። ግን አዲሱን ራዲያተር አስገብተው፣ ጠበሉን በየወሩ ያው በሳፋቸው እየተቀበሉ ቢያወጡት ኖሮ ዳማ ስንት ዓመት ትሠራ ነበር! ጠበሉና ራዲያተሩ አይጣሉም ነበር። ይኸን እሳቸው አጥተውት ነው? ጠበሉን አወቅሁ፤ «ትንሽ ይቆይ» ግን ያው አልገባኝም። የሞተ ሰው ደግሞ አይጠየቅ።

ራዲያተሩን ገጠምኩ። አንድ ጥዋት ነው የፈጀው፤ እንዳልኩት። የሙቀት መለኪያው መርፌ መሃል ላይ ቁጭ አለ፣ ከተማውን ዞርኩ፣ ንቅንቅ የለም።

በአርባው ጠዋት እትዬ ጥቁራቸውን ለብሰው መጡ። በእጃቸው የላስቲክ ጠርሙስ ይዘዋል። ቆሙ፣ ጠርሙሱን ደረታቸው ላይ ያዙ፣ አላዩኝም። ያን አዲስ ራዲያተር የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ያ ውኃ ምን እንደሚያደርገው የማውቅም እኔ ነኝ። ክዳኑን ከፈትኩላቸው። አማትበው አፈሰሱ።

ዳማ ዳገቱን እንዴት እንደወጣችው ብነግራችሁ ታምናላችሁ? ጠጠሩን እየበተነች ነው የወጣችው። ዓይኔ ግማሹ መንገዱ ላይ ግማሹ መርፌው ላይ። ጥምዙ መጣ። ማርሽ ቀነስኩ፣ ነዳጅ ሰጠኋት፣ ድንጋዩን አለፍነው።

«ይኸው አለፍን እትዬ! ይኸው!» አልኩ። እልል ይላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን አንገታቸውን አዙረው በኋላ መስኮት ድንጋዩን ያያሉ፤ ጥምዙ እስኪደብቀው አዩት። ገበዝ ማርያም ደረስን። ዘመድ ወጥቶ ተቀበለን፣ ሰው ዳማን ከበባት፣ አንዱ «ይቺ ናት የዶክተር?» አለ። እኔ ሥራዬን ጨርሻለሁ፤ ደስታው ግን አልመጣም። መቃብሩ ላይ ጸሎቱ ሲደረግ እንኳ የማስበው ለምን እልል አላሉም እያልኩ ነው። ይኸን ያህል ዘመን የፈለጉት ይኸን አልነበረም እንዴ?

ስንመለስ ቁልቁለቱን ቀስ ብዬ ነው የያዝኩት። ጥምዙ ጋ ስንደርስ «እዚህ ጋ አቁማት» አሉኝ።

አቆምኩ። ወርደው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ዳር ላይ ነው የተቀመጡት፤ ከጎናቸው የአንድ ሰው ቦታ ትተዋል። እኔ እሱ ላይ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ከነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ፈትተው ዘገኑልኝ።

«ጋሽህ እቤት ሲያወራ ሰምተህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«እኔም። ከገበሬው ጋር ስለ ከብት ያወራል፣ ካንተ ጋር ስለ ብረት። ከእኔ ጋር የሚያወራው እዚህ ነው፤ እሷ እስክትበርድ። የሚነካው ነገር የለ፣ የሚሄድበት የለ። መጀመሪያ ቀን የሠርጋችንን ዝናብ አነሳ። በሌላው ቀን ስለ እናቱ ነገረኝ። አንድ ቀን ደግሞ...» ቆሎውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ልጃችንን በስሟ ጠራት። ከቀበርናት ወዲህ ስሟን ከአፉ የሰማሁ እዚህ ድንጋይ ላይ ነው።»

የዘገኑልኝን ቆሎ ወደ ኪሴ ከተትኩት።

«ጠበሉን ሳፈስ መኪናዋ እንዳትገለብጠው ነው ማርያምን የምለምናት» አሉ። «እንዳትሞቅ ብዬ ግን ለምኜ አላውቅም። ማርያም ይቅር ትበለኝ።»

ያኔ ግድግዳዬ ላይ አቧራ ሲጠጣ የኖረው ራዲያተር ታየኝ። እግራቸው ሥር ሳስቀምጠው ጣታቸውን አንድ በአንድ የጠረጉት ታየኝ። ገበዝ ማርያም መድረስ ይፈልጉ ነበር፣ ቃላቸው ነው፤ ግን ከደረሱ በኋላ የሚቀር ነገር እንዳለ ያውቁ ነበር። እኔ ደግሞ እድሜዬን ሙሉ ዳገቱን ነው ያየሁት። አሁንም ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደሆነ ግን መለየት አቃተኝ።

«ሞላዬ» አሉኝ እትዬ ይታይሽ፣ «ያ ውኃ ይሆን እንዴ ያሞቃት የነበረ?»

«አይ እትዬ። ራዲያተሩ አርጅቶ ነው» አልኳቸው።

ጋሼ ቢሰሙኝ የሚሉትን አውቃለሁ።

ነፋስ መጣ፤ ከታች ከማሳው የጤፍ ሽታ ይዞ ነው የመጣው። እትዬ ከድንጋዩ ባዶ በኩል ያለውን ጠጠር በእጃቸው ጠርገው ጣሉት። ከዚያ ወደ ዳማ አዩ። መርፌዋ ከጠዋት ጀምሮ ከመሃል ንቅንቅ አላለም፣ አሁን ደግሞ ቁልቁለት ስትወርድ ነው የቆየች።

«በርዳለች?» አሉኝ።

«ትንሽ ይቆይ» አልኳቸው።